ከጥይት በቀር ሁሉን የጎረሰችው ሽጉጥ

ሰው በምላሱ ጦስ ይታሰራል፤ በመሬቱ ጦስ ይካሰሳል። እኔ መከራዬን ያየሁት በቀበቶዬ ጦስ ነው። አማቴ ለሠርጌ የሸለሙኝ፣ አራት ጣት የሚሰፋ፣ ዘለበቱ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ የቆዳ ቀበቶ ነበረኝ። ሱሪዬን ለመያዝ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ሱሪዬን የሚይዘው ሆዴ ነው። ግን ከዚያ የተሻለ ጌጥ ስላልነበረኝ ስብሰባ በተጠራሁ ቁጥር እሱን ታጥቄ እወጣለሁ። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ዘመን ነው። ስብሰባ የሌለበት ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር የታመሙበት ቀን ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጤናቸው የብረት ነው።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ከአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር። መዶሻ ሰጥቼ አስፈርማለሁ፤ መዶሻ ተቀብዬ አስፈርማለሁ። በዚህ ዓይነት ጡረታዬን በሰላም እጠብቃለሁ ብዬ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ቀበሌ ተጠራን። የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ኖሮ ሽጉጡን የሚረከብ ሰው ጠፍቷል።

ሊቀመንበራችን ጓድ አስረስ ይባላሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው መንፈቅ ሲቀራቸው ያቋረጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ንግግራቸው ግማሹ ግእዝ፣ ግማሹ አብዮት ነበር። «ጓዶች፣ መኑ ውእቱ? ይህን ኃላፊነት የሚሸከም ቆራጥ ማን ነው?» አሉ። ሁሉም ጫማውን ይመረምር ጀመር። ጫማ የሌለው የጎረቤቱን ጫማ ይመረምራል።

ጓድ አስረስ ዝምታው ሲረዝምባቸው ሽጉጧን ከነቆዳ ማኅደሯ ከጠረጴዛው ላይ አነሡና ቀበቶ የሚገባበትን ቦታ አገላብጠው አዩት። ሰፊ ነው። ከዚያ ዓይናቸውን በተሰብሳቢው ወገብ ላይ አሻገሩ። አንዱ በሲባጎ ታጥቋል። የሌላው ሱሪ ባለላስቲክ ነው። ሦስተኛው ጋቢ ደራርቦ ወገብ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ዓይናቸው እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ጓድ፣ እስቲ ብድግ በል።»

ብድግ አልሁ። ማኅደሩን ቀበቶዬ ላይ ለኩት፤ ልክ ነው። «የሚቃወም አለ?» ብለው ጠየቁ። ቀበቶዬን የሚቃወም አልነበረም። ተጨበጨበ። ያን ዕለት እኔም ከድንጋጤ የተነሣ ለራሴ አጨበጨብሁ።

የርክክብ ወረቀት ቀረበልኝ፤ «መሣሪያዋን ከነሙሉ ጤንነቷ ተረክቤያለሁ» ይላል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሽጉጥ በቅርብ አይቼ አላውቅም፤ የሽጉጥ ጤንነት በምን እንደሚታወቅ፣ በምላሷ ይሁን በዓይኗ፣ ከየት ልወቅ? ፈረምሁ። ጓድ አስረስም ሽጉጧ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣች መሆኗን ነገሩኝና፣ የወዳጅ ስጦታ እንከን እንደሌለው አስረግጠው አስጠነቀቁኝ።

ለነገሩ መጀመሪያ ላይ ሹመቱ አልከፋኝም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል እሰማለሁና ለመብላት ተዘጋጅቼ ነበር። ሥጋ ሻጩ ከአጥንት በቀር ቆርጦልኝ የማያውቅ ሰው፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሽንጡን ያወርድ ጀመር። ሦስት ዓመት ሙሉ መሰላሌን ተውሶ «ነገ አመጣዋለሁ» የሚለኝ ጎረቤቴ መሰላሉን ቀለም ቀብቶ መለሰልኝ። ጸጉር አስተካካዬ ብቻ አስቸገረኝ። ከወገቤ ያለውን ባየ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጆሮዬን ቆረጠኝ። ሥልጣን ደም ያስከፍላል የሚሉት ይህን መሆን አለበት።

የአብዮት በዓል ሊከበር ስምንት ቀን ሲቀረው ጓድ አስረስ ጠሩኝ። ዘንድሮ በሐይቁ ላይ የታንኳ ውድድር እንደሚደረግ፣ ከአውራጃ ትልቅ እንግዳ እንደሚመጣ፣ ውድድሩም በሦስት ጥይት እንደሚከፈት ነገሩኝ። አንዱ ጥይት ለአብዮቱ፣ ሁለተኛው ለእናት አገር፣ ሦስተኛው ለሰፊው ሕዝብ። ተኳሹ እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ ላይ ስሜ በታይፕ ተጽፏል።

ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ሰው ወደማያየኝበት ወደ ሐይቁ ዳር ደንገል ሄድሁ። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቤ ለቀቅሁት። ቀጭ ማለት ሲገባት ግጭ አለች። አዘንብዬ ባያት ጥይቷ በርሜሉ ውስጥ በመግባት ፈንታ አፍንጫዋን ሰቅላ ቆማለች፤ ብረቱ ነክሷታል። አወጣኋት፤ ሌላ ሞከርሁ። ያችም አፍንጫዋን ሰቀለች። ካዝናው ውስጥ የነበሩት ስምንቱም ጥይቶች በየተራ አፍንጫቸውን ሰቀሉብኝ። ሽጉጧ አልጎርስም ብላለች።

ፈራሁ። የዘመኑን ነገር ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ዕቃ አይበላሽም ነበር። አሻጥር ይሠራበታል እንጂ ዕቃ በራሱ አይበላሽም። መኪና ጎማው ከተነፈሰ አሻጥር ነው፤ ዳቦ ካረረ አሻጥር ነው። አሻጥር ደግሞ አሻጥረኛ አለው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምሳውን ቤቱ አይበላም፤ ዓመቱንም ቤቱ አይጨርስም። የእኔ ሽጉጥ ደግሞ የወዳጅ አገር ስጦታ ናት፤ እሷ ልትታመም አትችልም። በእንግዳውና በሕዝቡ ፊት ግጭ ብትል የታመምሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ጭንቀቴን ለባለቤቴ ለየሺ ነገርኋት። የሺ በዓለም ላይ ላለ ችግር ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው ያላት። «ደርቃ ነዋ!» አለችኝ። «የደረቀ ነገር መድኃኒቱ ቅቤ ነው። ራስም ቢሆን፣ ቆዳም ቢሆን፣ ሆድም ቢሆን።» ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት የተነጠረ ቅቤ አመጣችና እኔ እንደ ጅል የሽጉጧን አፍ ከፍቼ ይዤላት፣ እሷ በማንኪያ አጠጣቻት። እውነት ለመናገር ብረቱ ሲንሸራተት በጣም ደስ ይል ነበር። ጥይቷ ግን አሁንም አፍንጫዋን ሰቀለች፤ አሁን የምታብረቀርቅ አፍንጫ።

የሺ ተስፋ አልቆረጠችም፤ «ይስረጋት፤ ትደር» አለች። ልጆቹ እንዳያገኟት ደግሞ ማንም ሰው መሣሪያ ይኖርበታል ብሎ የማይጠረጥረው ቦታ ደበቀችልኝ። የበሶ ቆርቆሮ ውስጥ። ክዳኑን ገጥማ፣ ከመደርደሪያው ላይ ሰቀለችውና በሰላም ተኛን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ቸኩለን ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አልነበረም። በሶና ቅቤ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔና የሺ ግን ያን ሌሊት ረስተነው ነበር። ሽጉጧ ጭኮ ሆና አደረች።

ከላይ ከላይዋን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ውይይት ክበብ ይዣት ሄድሁ፤ ሳልታጠቅ ብሄድ «መሣሪያህ የት ነው?» ይሉኛል። ክበባችን በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ሲሆን ያን ዕለት የምንወያየው ስለ ቁስ አካል ቀዳሚነት ነበር። ጓድ አስረስ መንፈስ የሚባል ነገር አለመኖሩን እያብራሩ ሳሉ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ወገቤ ላይ አረፈ። ቅቤው ቀለጠ። መጀመሪያ ኮሰረቱ፣ ቀጥሎ ኮረሪማው፣ በመጨረሻ ሁሉም ተባብረው ክፍሉን ሞሉት።

ንግግሩ ተቋረጠ። ሃያ ጓዶች አፍንጫቸውን አቅንተው ያሸታሉ። ከፊት የተቀመጠው ምራቁን ሲውጥ ተሰማኝ። ጓድ አስረስ ፊታቸው ጠቆረና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ምን እንዳሉ ትዝ ሲላቸው ቀና ብለው ጮክ አሉ፤ «ማለቴ፣ ጓዶች፣ ሰፊው ሕዝብ ቅቤ ባጣበት በዚህ ወቅት!» ሃያዎቹም ጓዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። የክበቡን አባላት ስንት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ መንፈስ አለመኖሩን በማስረጃ ያረጋግጣሉ፣ ዓርብ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

«ከሽጉጧ ነው» ብዬ ተናዘዝሁ። ሌላ ምን እላለሁ? እኔ በልቼ ነው ብል ጾም የሻርሁ ነኝ፤ ከሽጉጧ ነው ብል አሻጥረኛ ነኝ። ያን ቀን ጾም ከመሻር አሻጥር የሚሻል መሰለኝና አልጎርስም ማለቷን ዘረገፍሁት።

ክበቡ አጀንዳውን ለውጦ በሽጉጧ ላይ ተወያየ። አንዱ ጓድ፣ ጥይት ከካዝና ወደ በርሜል መሸጋገሩ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሥርዓት እንደ መሸጋገር ስለሆነ ትግል መኖሩ የማይቀር ነው አለ። ሌላው ካዝናው የንዑስ ከበርቴ ወላዋይነት ይታይበታል አለ፤ ይዞም አይዝም፣ ለቅቆም አይለቅም። ሦስተኛው ብልህ ነበር። ሽጉጧ ከወዳጅ አገር የመጣች በመሆኗ ጉድለቱ ከእሷ ሊሆን እንደማይችል አረጋግጦ የአባቴ ርስት ስንት ጋሻ እንደነበር ይጠይቅ ጀመር። አባቴ የነበራቸው አንድ በሬ ነው፤ እሱንም ከጎረቤት ጋር እያቀናጁ ነው የሚያርሱበት። ቢሆንም ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ «ጓዶች፣ ንቃቴ ዝቅተኛ በመሆኑ ሽጉጧ ጥይት አልጎረሰችም» አልሁ። ተጨበጨበ።

በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «መሣሪያዋ ከበዓሉ በፊት ጥይት እንድትጎርስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። ሽጉጧ በስብሰባው ላይ ብትገኝም አስተያየት አልሰጠችም። ስንወጣ ጓድ አስረስ ክንዴን ያዙኝ። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ፕሮግራሙ ላይ ስማቸው ከእኔ ስም በላይ ነው። «ስማኝ ወንድሜ፣ ያን ቀን ካልተኮሰች አሻጥር ነው። አሻጥር ከሆነ ደግሞ እኔ አልሸከመውም» አሉና ሄዱ።

ቅዳሜ ፋብሪካ ይዣት ገባሁ። የሽመና መኪኖቹን የሚጠግን መካኒክ ወዳጅ አለኝ፤ በምሳ ሰዓት አሳየሁት። በብልቷ ፈታትቶ ጭኮውን በጣቱ ጠረገና ቀመሰው። «ጨው አንሶታል» አለኝ። ከዚያ በላምባ አጥቦ ሲያበቃ «ሞላው ደክሟል፤ ጥይቱን ሽቅብ የሚገፋ ጉልበት የለውም» ብሎ ከአንድ የቆመ የሽመና መኪና ጠንካራ ሞላ ቆርጦ አስገባላት። ጥይቶቹን እየተጋገዝን፣ ላባችን እየወረደ አስገባን። ሰባተኛውን ስንጭን የሆነውን አላየነውም፤ የሰማነው ብቻ ነው። ጥይቶቹ እንደ ፈንድሻ ጣራውን እየመቱ በየማሽኑ ሥር ተበተኑ። የሥራ መግቢያው ደወል እስኪደወል በሆዳችን እየተሳብን ለቀምናቸው።

መካኒኩ የቀድሞውን ሞላ መልሶ እየከተተ፣ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለኝ። «ሰይድ ታንኳ ሠሪውን ታውቃቸዋለህ? በጃንሆይ ጊዜ ከጦር ሰፈር መሣሪያ የሚጠግኑ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ሂድ።»

እሑድ ጠዋት ሽጉጧን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ ሦስት ቆሮሶ ዓሣ ደርድሬ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። አባባ ሰይድ ከደንገል ክምር መካከል ተቀምጠው ለውድድሩ የሚሆን ታንኳ ያስራሉ። ሰባውን ያለፉ፣ እጃቸው እንደ ገመድ የጠነከረ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥንና ዘንቢሉን አዩት።

«ዓሣ ነው?»

«ከላይ ዓሣ ነው አባባ» አልሁ።

«ከታችስ?»

ዓሣዎቹን አንሥቼ አሳየኋቸው። እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ። «ይህች ደግሞ እስካሁን አለች?» አሉ። ተቀብለው፣ እያዩኝ፣ እሷን ሳያዩ ካዝናዋን አወጡና በአውራ ጣታቸው አፉን ዳሰሱት።

«ና ተመልከት። ጥይት የምትወጣበት አፍ ይኸውልህ፤ ሁለት ከንፈር አለው። የግራው ከንፈር ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ጥይቷ ስትወጣ እሱ ይገፋትና አፍንጫዋን ትሰቅላለች፤ ብረቱ ሲመጣ ይነክሳታል። ሌላ ምንም ሕመም የለባት።»

እኔ ስምንት ጥይት፣ ግማሽ ኪሎ ቅቤና አንድ ቃለ ጉባኤ የጨረስሁበትን ነገር ሽማግሌው በአውራ ጣት ጨረሱት። «ወድቃ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አልወደቀችም። ይህ የፒንሳ ሥራ ነው።»

«ማን ነው ይህን አሻጥር የሠራ?» አልሁ። ቀበሌ የተማርሁት ድምፅ ነው ከአፌ የወጣው፤ ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

«እኔ ነኛ» አሉ አባባ ሰይድ።

ቁጭ አልሁ። ዓሣው ላይ ነው የተቀመጥሁት፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅሁትም።

«በዚያ ክፉ ዓመት» አሉ፣ ገመዳቸውን መልሰው እየያዙ፣ «ያን ጊዜ የነበረው የጸጥታ ኃላፊ ይህችን አምጥቶ ‹ለዛሬ አመሻሽ ስለምፈልጋት ወልውልልኝ› አለኝ። ለምን እንደሚፈልጋት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ዓሣ አጥማጆችና አንድ መምህር ታስረው ነበር፤ ተፈላጊ ሰዎች በታንኳ አሻግራችሁ አስመልጣችኋል ተብለው። ወላሂ፣ አሳምሬ ነው የወለወልሁለት። እንደ መስታወት። ከዚያ ይህችን ከንፈር እንዲህ፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ቆለመምኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰውየው እንደ አንተ ነው፣ ሽጉጥ አያውቅም። ዳር ላይ አቁሟቸው ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ አልጎርስ አለችው። ደነገጠ። ነገ በሌላ መሣሪያ ብሎ መልሶ አሰራቸው። በማግሥቱ እሱ ራሱ ታሰረ፤ ለምን እንደታሰረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ በዚያው ተረሱና ኋላ ተፈቱ። መምህሩ አገሩ ገባ። ሁለቱ አጥማጆች ለበዓሉ ይቀዝፋሉ፤ ይህ ታንኳ የእነሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ በሽጉጧ የታጠቁት ሁሉ ጉዷን ሳያውቁ፣ ወይም አውቀው ዝም ብለው አስረክበዋል። ዝም አይነቅዝም። ዝምታው ዓመት ተሻግሮ እኔ ላይ ደረሰ።

«አባባ፣ ያቅኑልኝ» ብዬ ለመንሁ። «እኔ እኮ የምተኩሰው ወደ ሰማይ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ሰው ላይ ብትተኩስም አትመታም። ከአንተ ቀጥሎ የሚይዛትስ? እሱም ወደ ሰማይ ብቻ እንደሚተኩስ ማን ይምልልኛል?»

«ልጆች አሉኝ» አልሁ።

«እነዚያም ነበሯቸው» አሉ። ሐይቁን ተመለከቱና ቀጠሉ፤ «ሄደህ ብትነግርብኝ ደግሞ ቤቴን ታውቀዋለህ። አልሸሽም።»

ሐሰት አልናገርም፤ አንድ አፍታ አስቤዋለሁ። እኚህን ሽማግሌ ብሰጥ እኔ ነፃ ነኝ፤ ምናልባትም እሸለማለሁ። ይህን ሳስብ ፊቴ ላይ ታይቶ ኖሮ አባባ ሰይድ በርጋታ ያዩኝ ነበር። ከሁሉ የከፋኝ አለመቆጣታቸው ነው። አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸውም የወሰንሁት ገብቷቸው ሽጉጧን መልሰው አነሡ።

አንዲት ጥይት ያለ ካዝናው እርዳታ፣ በጣት በቀጥታ በርሜሉ ውስጥ እንዴት እንደምትገባ አሳዩኝ። «ካዝናውን ባዶውን ክተተው። አንዲቷ ትተኮሳለች። ውድድር ለማስጀመር አንድ አይበቃም?»

«ፕሮግራሙ ሦስት ይላል።»

«እንግዲያ ሁለቱን ፕሮግራሙን የጻፈው ይተኩሳቸው» አሉ።

በዓሉ ደረሰ። የሐይቁ ዳር በሰው ተሞልቷል፤ ከዘጌ በታንኳ የመጡ፣ ከመራዊ በአውቶቡስ የተጫኑ፣ ቀበሌ ስም እየጠራ ያስወጣቸው። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ጥላ ሥር ወንበር ይዘዋል። ስምንት ታንኳዎች ተሰልፈዋል። ሁለቱን አጥማጆች ከሩቅ ለየኋቸው፤ እንደ ሌሎቹ ወደ ፊት በማየት ፈንታ ወደ እኔ እጅ ያያሉ። ሽጉጧን ያወቋት መሰለኝ። ቢሆንም እጄን ሽቅብ አነሣሁና ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብሁ።

ጮኸች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጮኸች። ታንኳዎቹ ተወረወሩ፤ ወፎቹ ከደንገሉ ተነሡ፤ ሕዝቡ «አንድ!» ብሎ አብሮ ጮኸ። ከዚያ ሕዝቡ ሁለትን ለመቁጠር አፉን ከፍቶ ጠበቀ።

እኔም እጄን እንደሰቀልሁ ቀረሁ። ጓድ አስረስ በጎኔ «ቀጥል፣ ቀጥል እንጂ» ይላሉ፤ ቀጥለውም ግእዝ ጀመሩ፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየሁትም። እንግዳው ከወንበራቸው ዘወር አሉ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶች፤ አያያዙ ከተቀደደብኝ አነጋገሩን ልሞክር ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህሁ፤

«ሁለቱ ጥይቶች ለጠላት ተቆጥበዋል!»

ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሕዝባችን ያን ጊዜ አንድ ሰው ካጨበጨበ የሚመለስ አልነበረም፤ ዳርቻው በጭብጨባ ተናወጠ። እንግዳው ተነሡ፤ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ ሰቀሉ። ጓድ አስረስ አቅፈው ሳሙኝ፤ ሐሳቡ የእሳቸው መሆኑንም ወዲያው ለእንግዳው ሲያስረዱ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀበሌው በዓል በአንድ ጥይት እንዲከፈት መመሪያ ወጣ አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ ነበር። ታንኳዎቹ ተመልሰው ሽልማት ሲሰጥ እንግዳው እኔንም ጠሩኝ። «እንዲህ ያለ ንቁ ጓድ አሮጌ ሽጉጥ አይታጠቅም» አሉና የእኔን ተቀብለው ከመኪናቸው አዲስ አወጡልኝ፤ ጥቁር፣ ቅባቷ ያልደረቀ። ከዚያ ወደ ጥግ ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዘመቻ እየሸሹ ሐይቁን የሚሻገሩ አሉ። የሚያሻግሯቸውንም ዝርዝር ይዘናል። በሚመጣው ሳምንት ሥራ ትጀምራለህ። ይህችኛዋ አታሳፍርህም።»

በማግሥቱ ደንገሉ ውስጥ ሞከርኋት። ብረቱን ስቤ ለቀቅሁ፤ ቀጭ አለች። ጥይቷ ገብታለች። አወጣሁና ደገምሁ፤ ቀጭ። ሦስተኛም፣ አራተኛም ቀጭ። ሽጉጥ ስለ ጎረሰ ሆዴ እንዲህ ይባባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ግምጃ ቤት ሄድሁ። አንድ ፒንሳ ለራሴ ሰጠሁ፤ ራሴንም አስፈረምሁ። በሩን ዘግቼ ካዝናዋን አወጣሁና የግራ ከንፈሯን ያዝሁ። መጀመሪያ ቁልመማው አነሰና አሁንም ጎረሰች። ደገምሁት፤ ጎረሰች። በሦስተኛው ግጭ አለች፤ ጥይቷ አፍንጫዋን ሰቀለች። አሻጥረኛ እንዳልባል ስምንት ቀን የተርበተበትሁት ሰውዬ እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ፒንሳ ይዤ፣ ደስ እያለኝ።

ለአባባ ሰይድ ወስጄ አሳየኋቸው። ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እጅህ ሻካራ ነው» አሉኝ። «የፒንሳው ጥርስ ምልክት ጥሏል። በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ አጥፋው።» ከዚያ መለሱልኝና ደንገላቸውን ያስሩ ጀመር።

አሽቼ አጠፋሁት። ሳምንቱ ሲደርስ ለሥራ ተጠራሁ፤ ዝርዝሩ የሚነበብበት ቀን ነው። የሺ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታየኝ ነበር። አዲሷን ሽጉጤን ታጥቄ ወጣሁ፤ እኔ ፈሪው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ሳልፈራ ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም።